ሐዲዱ እደጃችን፣ እኛ ሰልፍ ላይ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ሰበታ ላይ ጎሕ አልቀደደም፤ ሰልፉ ግን ከዳቦ ቤቱ በር ተነስቶ የፋርማሲውን ጥግ ታጥፏል። ከፊት ያሉት ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ከኋላ ያለነው አንገታችንን እያሰገግን የመኪና መብራት እንጠብቃለን። ሰው መቁጠር ለምዶብናል። ከፊቴ 60 ሰው ካለ፣ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናልና አምስት መኪና እስኪሞላ መቆም አለብኝ። አምስት መኪና ማለት እንደ ቀኑ ነው፤ ደህና ቀን ከሆነ ግማሽ ሰዓት፣ ሰኞ ከሆነ አንድ ሰዓት፣ ነዳጅ የጠፋበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ጀርባችንን እስክታሞቀው ድረስ።

ባለፈው ሳምንት ከፊቴ የቆሙት አንዲት እናት ነበሩ። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። «እማማ፣ ወዴት ነዎት?» አልኳቸው። «ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ ልጄ፤ ለ2 ሰዓት ነው የተባልኩት፤ ያለፈውንም በዚሁ ሰልፍ አሳለፍኩት» አሉኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሰማ። ከፊት ያሉት ተነጋግረው አሳለፏቸው፤ ተራቸውንም ሰጧቸው። ሕዝባችን እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ ነው። ግን አንዲት የታመመች እናት ሐኪም ዘንድ በሰዓቷ ለመድረስ የሰልፈኛ ምሕረት መለመን አለባት?

ሰበታ ከአዲስ አበባ መሃል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ይህች መንገድ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ትበላለች። ሰበታ ላይ የተሳፈርክበት ሚኒባስ ዓለም ገና ሲደርስ ረዳቱ «መጨረሻ ነው» ይላል። ከዓለም ገና አየር ጤና ሌላ ሂሳብ ነው፤ ከአየር ጤና ሜክሲኮ ደግሞ ሌላ። አንዱን ጉዞ ሦስት ቦታ ቆራርጠው ሦስት ጊዜ ያስከፍሉናል። ታፔላው ላይ የተጻፈውን የሚያከብር ሾፌር ያጋጠመው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ይውላል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በወጣ ቁጥር ደመወዛችን እዚያው ቆሞ ያየዋል። ጎረቤቴ መምህር ነው። ከደመወዙ ስንት ለመጓጓዣ እንደሚሄድ አንድ ቀን በወረቀት ላይ ደምሮ አሳየኝ፤ ከዚያ ወዲህ መደመሩን ትቶታል።

እኔን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ሰልፉ ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ ሐዲድ መኖሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚባለው አዲሱ የባቡር መስመር የሚጀምረው አዲስ አበባ ላይ አይደለም፤ እዚሁ ሰበታ ነው። ከሰበታ እስከ ደወሌ ድንበር 656 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ጂቡቲው ነጋድ ጣቢያ ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የመንገደኛው ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ታስቦ የተነደፈ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ደግሞ ድርብ ሐዲድ አለው፤ የሚሄደውም የሚመጣውም ሳይጠባበቁ ይተላለፋሉ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እዚህ ከተማ ያልተደሰተ ሰው አልነበረም። ታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጂቡቲ የሚሄድ መንገደኛ ግን የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ ነው። ከሰበታ ተነስቶ ሥራ ገብቶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ፣ ተማሪ ወይም ነጋዴ የሚሳፈርበት የጠዋትና የማታ ባቡር የለም። ፉሪ ለቡ ለመድረስም ያው ታክሲ፣ ያው ሰልፍ ነው። መስመሩ በስማችን ይጀምራል፤ እኛ ግን ለመሳፈር ሌላ ከተማ እንሄዳለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠዋት ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ የምንሄድ ብዙ ነን። በተቃራኒው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታና ወደ ዓለም ገና ፋብሪካዎች የሚመጣው ሠራተኛ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ምግብና መጠጡ፣ ብረታ ብረቱ፣ ፕላስቲኩ፣ አበባ እርሻው ሁሉ ሠራተኛ ይፈልጋል። የባቡር ባለሙያ ከሚያስጨንቀው ነገር አንዱ ጠዋት ሞልቶ የሄደ ባቡር ባዶውን መመለሱ ነው። እዚህ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሰው አለ። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ድርብ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ተዘርግቷል። የጎደለው ሰው የሚጭን ባቡርና የመነሻ ሰዓት ሰሌዳ ነው። ይህን ያህል ነገር ተሟልቶ ትንሹ ነገር ሲጎድል እንደማየት የሚያደክም የለም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በድሮው ምድር ባቡር ነው። ጠዋት ጠዋት ሰልፋችንን ከበራቸው ሆነው ያዩታል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ አዲሱ ባቡር እኛንም ያስታውሰን ይሆን?» ስላቸው፣ «ባቡር ባቡር የሚሆነው ሐዲድ ሲኖረው ብቻ አይደለም ልጄ፤ ሰዓት ሲኖረው ነው» አሉኝ። በእሳቸው ዘመን ነጋዴው፣ የመንደሩ እረኛ፣ ጫት ሻጯ ሁሉ ቀኑን የሚቆርጠው በባቡሩ ፉጨት ነበር። አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የዚያን ባቡር ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡ በኋላ ሥራው ከጂቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 23 ዓመት ፈጅቷል። በመንገዱ ላይ ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ ወለደ። ሞጆም አዋሽም የባቡር ልጆች ናቸው። ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣቢያው የፈረንሳይኛ ስም ነው። ያ ባቡር በመጨረሻ ዘመኑ ታሞ ታሞ ሲቆም አዲሱ ሊመጣ ነው ብለን ታገስን። አዲሱ መጣ፤ መጥቶም አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት አሁንም በተሳቢ ነው የሚጓዘው፣ አብዛኛው ሰውም በአውቶቡስና በሚኒባስ።

የቡራዩ ሰው ደግሞ የራሱ ብሶት አለው። እህቴ ቡራዩ ነው የምትኖረው፤ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ጠዋት እስከ አሸዋ ሜዳ በባጃጅ፣ ከአሸዋ ሜዳ በሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሚኒባስ። ከገፈርሳ እስከ አስኮ ያለው መንገድ ጠዋት በመኪና ይታነቃል። አንድ ተሳቢ ከተበላሸ ሰው ከታክሲ ወርዶ በእግሩ መሄድ ይጀምራል፤ በእግር የሄደው ቀድሞ ይደርሳል። ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናብ ዘንቦ፣ ልጅ አዝሎ የሚቆመውን ሰው ተዉት፤ እሱን መናገር ራሱ ያማል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቡራዩም ሰበታም እያንዳንዳቸው 49 ሺህ ገደማ ሰው ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ በኮንዶሚኒየሙ፣ በማኅበር ቤቱ፣ ከመሃል ከተማ በኪራይ ተገፍቶ በመጣው ሰው የሆነውን ያየ ሰው ቁጥር አያስፈልገውም፤ ጠዋት አሸዋ ሜዳ ቆሞ ማየት ይበቃዋል። የሰዉ ቁጥር ሲያብጥ መንገዱ ያው መንገድ ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቡራዩም የሰበታም ሰው ልቡ ዘሎ ነበር። በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ቆመ፤ ዛሬ እዚህ ከደረሰ ነገ አየር ጤና፣ ከነገ ወዲያ ዓለም ገና ወይም ቡራዩ ይደርሳል አልን። በሰሜን በኩልም ምኒልክ አደባባይ ላይ ነው የቆመው። ሁለቱ መስመሮች በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተዋል፤ ከዚያ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። ያ ገንዘብ የእኛ ዕዳ ነው፤ የልጆቻችንም ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ውስጥ ግን በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የነበሩት ስምንት ገደማ ብቻ እንደነበሩ ተነግሮናል። የቀሩት መለዋወጫ አጥተው ቆመው ነበር። መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪ ሲጠፋ አንዱ ባቡር ሌላውን ለመጠገን ይፈታታል። መስመሩ ይረዝማል ብለን ስንጠብቅ ባቡሩ አነሰ። ጦር ኃይሎች ላይ ቆሞ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ደረቱ ከሰው ደረት ተጣብቆ ነው የሚገባው።

እዚህ ላይ አንድ ቁጣዬን ልናገር። ባቡር ስንሠራ የምናወራው ስለ ምረቃው ነው። ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ዶላር፣ ስንት ጣቢያ። ከምረቃው በኋላ ስላለው አሥር ዓመት ግን በጀት ማንም አይይዝም። ጎማው የሚያልቅ፣ ብሬኩ የሚላላ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚቆረጥ መሆኑን ምድር ባቡር ላይ አንድ ቀን የሠራ ሰው ያውቃል። መንገድ ሲሠራ ለጥገና የተለየ ፈንድ አለው፤ የመንገድ ፈንድ የሚባለው። ባቡር ላይ ግን በቲኬቱ ራሱን ይቻል ይባላል። በዓለም ላይ የከተማ ባቡር በቲኬት ብቻ ራሱን ችሎ የሚሄድበት አገር ጥቂት ነው። ሌሎች የሚደጉሙት ተበልጠው አይደለም፤ ባቡሩ ከመንገድ ላይ የሚያነሳቸውን መኪናዎች፣ የሚቆጥበውን ነዳጅ፣ የሚያተርፈውን የሰው ሰዓት ቆጥረው ነው። እኛ ያንን ሰዓት መቁጠር አልጀመርንም። የእኔና የእህቴን፣ የመምህሩንና የፋብሪካ ሠራተኛዋን በየቀኑ የሚባክኑ አራት አራት ሰዓቶች የሚቆጥርልን ማነው?

ወደ ሱሉልታ ልለፍ። የሱሉልታ ወንድሞቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ከተማቸውን እንደ ሰበታ አላውቃትም። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው የጎጃም መንገድ ግን የማይረሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ሯጮቻችን ዳር ዳሩን ይዘው ይሮጣሉ። ብዙዎቹ ባንዲራችንን በዓለም አደባባይ ያውለበለቡ ወይም ለማውለብለብ የሚለፉ ናቸው። አጠገባቸው ደግሞ ከደርባ ሲሚንቶ የጫኑ ሲኖትራኮችና ተሳቢዎች በተራራው ቁልቁል ብሬካቸውን እያፏጩ ይወርዳሉ። ጭሱ የሚገባው ሯጮቹ ሳንባ ውስጥ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ብሬክ እንቢ ሲል የሚሆነውን የሱሉልታ ሰው በቀብር ሥርዓት ያውቀዋል። እንጦጦን ባቡር ማውጣት ከባድና ውድ መሆኑን አልክድም፤ ለሱሉልታ ነገ ባቡር ይምጣ የሚል ሰው እያታለላት ነው። ግን የሲሚንቶውን፣ የማዳበሪያውን፣ የስንዴውን ጭነት ከመንገዱ ላይ የሚያነሳ ዕቅድ ከሌለ፣ ያ ጎዳና በሰፋ ቁጥር በተሳቢ ይሞላል። አንድ የጭነት ባቡር የሚጎትተውን ለማንሳት በአሥሮች የሚቆጠሩ ተሳቢዎች ያስፈልጋሉ። ለሰው የሚሆን የመንገድ ትንፋሽ የሚገኘው ጭነቱ ወደ ሐዲድ ሲሄድ ነው።

የጭነቱ ነገር የሰበታንም ፋብሪካዎች ይመለከታል። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ በጂቡቲ በኩል ነው የሚተላለፈው። ሐዲዱ ጂቡቲን ከሰበታ በቀጥታ ያገናኛል። ሆኖም ለሰበታ ፋብሪካ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ወይም ከወደቡ ጀምሮ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባን ዞሮ ነው የሚመጣው። ያ መኪና የሚያቃጥለው ነዳጅ በዶላር የተገዛ ነው። ባቡሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን የራሳችን ወንዝ ነው። ጳጉሜን 2017 የሕዳሴ ግድብን ስንመርቅ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተባለ፤ ሁላችንም አለቀስን፣ ጨፈርን፣ ያዋጣነውን ብር አስታወስን። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እያየን ነው። ደግ ነው። ግን በአንድ ሚኒባስ ፈንታ አንድ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ቢቆም ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፤ መንገዱም ያው ነው። ኤሌክትሪክ ካለን ብዙ ሰውና ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚያነሳውን ለምን አናስቀድምም?

ዕቅድ አልነበረም አልልም። ዕቅድስ ነበር። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንደሚሠራ ተናግሮ ነበር። ከሰበታ ተነስቶ በአምቦና በጅማ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ መስመርም ነበረበት። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር በየካቲት 2007 ሥራው ተጀመረ፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው የሠራው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ተነጠፈ፣ ጣቢያዎቹ ቆሙ፤ ከዚያ የኃይል አቅርቦቱና ገንዘቡ ጎደለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ገብቶ ንብረቱ ተዘረፈ። መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ነጎዱበት። ያው ኩባንያ የእኛን ከጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017 እ.ኤ.አ., ታንዛኒያ ውስጥ ከዳሬ ሰላም ወደ ሞሮጎሮ የኤሌክትሪክ ባቡር ለመሥራት ተዋዋለ። የታንዛኒያ ሰው በ2024 እ.ኤ.አ. ተሳፍሮበት ሞሮጎሮ፣ ከዚያም ዶዶማ ገባ። እኛ ቀድመን ጀምረን ነበር። ሴኔጋልም ዳካርን ከዲያምናዲዮ ጋር የሚያገናኝ 36 ኪሎ ሜትር የከተማ ዳርቻ ባቡር በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ከፍታ ሰው ሥራ ታደርሳለች። 36 ኪሎ ሜትር! ከሰበታ መሃል አዲስ አበባ ከዚያ ያንሳል።

ብድሩም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጂቡቲውን መስመር ዕዳ በአሥር ዓመት መክፈል አቅቶን በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቻይና ወደ 30 ዓመት አራዘመችልን። መስመሩን ለስድስት ዓመት ያስተዳደሩት የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ አሁን በራሳችን ልጆች እጅ ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ላመሰግን ይገባኛል። ግን ዕዳውን የምንከፍል ከሆነ ሐዲዱን አብዝተን መጠቀም እንጂ መቆጠብ አያተርፍም። ሐዲድ እንደ እርሻ በሬ ነው፤ አሠራኸውም አላሠራኸውም ይበላል።

አሁን ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ ስናማርር የምናማርረው እያንዳንዳችን በየሰልፋችን ነው። የሰበታ ሰው ሰበታ ላይ፣ የቡራዩ ሰው አሸዋ ሜዳ ላይ፣ የሱሉልታ ሰው አዲሱ ገበያ ላይ። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ያማርራል፣ ተሳፋሪው ስለ ሾፌሩ፣ ረዳቱ ስለ ተራ አስከባሪው፣ ፋብሪካው ስለ አርፋጅ ሠራተኛው፣ ሠራተኛው ስለ ተቆረጠበት ደመወዝ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። ቀላል ባቡሩ የአዲስ አበባ ከተማ ነው፤ ትልቁ ሐዲድ የፌዴራል መንግሥትና የጂቡቲ የጋራ ኩባንያ ነው፤ እኛ ደግሞ የሸገር ነዋሪዎች ነን። ከቤታችን ወጥተን ሥራ እስክንገባ ሦስት ባለቤት እናልፋለን፤ ሦስቱም ጋ ብትሄድ ጥያቄህ የሌላኛው ነው። ድንበር ላይ የቆመ ተሳፋሪ ባለቤት የለውም። ስለዚህ አንዱ ቢሮ ጋ ብቻውን ሄዶ የሚጮህ ሰው ሳይሆን ሦስቱንም ቢሮዎች አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ድምፅ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ መንገደኛ የሚጭነው ባቡር ከነጭራሹ ሊጠፋ በደረሰበት ጊዜ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የባቡር ተሳፋሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ከአራት ዓመት በኋላ የመንገደኛ ባቡሩን በመንግሥት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው አምትራክ ሥራ ጀመረ። የማኅበሩ ጩኸት ብቻውን ነው ያመጣው አልልም፤ ግን የተሳፋሪ ድምፅ የሚባል ነገር በፓርላማ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኛ አገርም መሰባሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የተወለደው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ሠራተኞች መካከል ነው። እድር የሌለው ሰፈር የለም። ለቀብር ድንኳን የምናዋጣ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግንብ የምናዋጣ፣ ለግድቡ ቦንድ የገዛን ሕዝብ ነን።

ይህ ስብስብ ሰፊ መሆን አለበት። ሠራተኛው ብቻውን አይችለውም። የፋብሪካ ባለቤቱ ሠራተኛው በሰዓቱ እንዲገባለትና ጥሬ ዕቃው እንዲረክስለት ይፈልጋል፤ ይምጣ። ገበሬው መሬቱ ለሐዲድ ተወስዶበት ባቡሩ አልፎት ሲሄድ ያያል፤ እሱም ይምጣ። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ የማያይ ተማሪ በሰልፍ ግፊያ ውስጥ ሚኒባስ በር ላይ ሲንጠለጠል ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ይምጡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል አለ፤ እዚያ ያሉት ልጆቻችን ሐዲዱ ላይ ስንት ባቡር በየስንት ደቂቃው ሊሄድ እንደሚችል በሒሳብ ያውቁታል። ሒሳቡን ይዘው ከጎናችን ይቁሙ። የታክሲ ሾፌሮችም ይምጡ እላለሁ፤ ባቡር ሲመጣ እንጀራችን ይወሰዳል ብለው እንደሚፈሩ ይገባኛል። ግን ባቡር ጣቢያ ላይ ያወረደውን ሰው እስከ ቤቱ የሚያደርሰው ሚኒባስና ባጃጅ ነው። አየር ጤና ላይ ሁለት ሰዓት መንገድ ተዘግቶበት ነዳጅ ከማቃጠል፣ ከጣቢያ እስከ ሰፈር አሥር ጊዜ መመላለስ ለሾፌሩም ይሻላል። ሐዲዱ ዳር የምንኖርም የራሳችን ድርሻ አለን። ገመድና ብሎን እየተሰረቀ፣ ከብት ሐዲድ ላይ እየተለቀቀ ባቡር በሰዓቱ ይምጣ ማለት አንችልም። ይህን የሚያስቆመው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ እድሩም ነው።

የምንጠይቀው ምን ይሁን? እኔ በበኩሌ ከትንሹ እጀምራለሁ። አዲስ ሐዲድ ከመለመናችን በፊት ያለው ሐዲድ ይሠራ። ከሰበታ ተነስቶ በፉሪ ለቡ እስከ እንዶዴ፣ ቢሾፍቱና አዳማ ጠዋትና ማታ የሚመላለስ የሠራተኛ ባቡር ይመደብ፤ ሰዓቱም በየጣቢያው ይለጠፍ። ለቀላል ባቡሩ የመለዋወጫ ምንዛሪ በየዓመቱ በጀት ላይ በስሙ ይያዝ፤ የቆሙት ባቡሮች ሳይነሱ ስለ ማራዘም አናውራ። ከተነሱ በኋላ ግን ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤናና ዓለም ገና፣ እንዲሁም ወደ ቡራዩ የሚደርሰው መንገድ ጥናቱ ይከፈት። ፋብሪካዎቹ ለሰበታ የሚመጣውን ኮንቴይነር በባቡር እንዲቀበሉ የጭነት ማራገፊያው ይዘጋጅላቸው። ከሁሉም በላይ፣ የሸገር፣ የአዲስ አበባና የፌዴራሉ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና ተሳፋሪውን በአንድ ቲኬት ይቁጠሩት።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች፣ ሁላችሁም ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባችሁ ላይ ከቀብርና ከመዋጮ ቀጥሎ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ስንት ሰው ከየሰፈሩ በስንት ሰዓት ወጥቶ ስንት ብር ከፍሎ እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቡራዩ ጻፈችልን፣ ሱሉልታ ጻፈችልን ብለን አንድ ላይ ይዘን እንሂድ። የሰፈራችን አዛውንት የመጀመሪያውን ፊርማ እኔ አኖራለሁ ብለውኛል።